እናቴ እንዲህ አልነበረችም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ሲስተር፣

የምጽፍልዎት ስለ እናቴ ነው። ዕድሜዋ 56 ነው፤ የምንኖረው አዳማ ነው። እናቴ ሰፈሩ ያወቃት የድግስ ወጥ ሠሪ ነበረች። ሠርግም ይሁን ተዝካር፣ እሷ ሳትጠራ አይደገስም። ጎላውን ድስት እያማሰለች ስትቀልድ፣ ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች የሚያለቅሱት በሽንኩርቱ ይሁን በሳቅ አይታወቅም ነበር። ዛሬ ይህን ለማያውቃት ሰው ባወራ የሚያምነኝ የለም።

ከስድስት ዓመት በፊት ወገቧን አመማት። ቀጥሎ ወደ ጉልበቷ፣ ከዚያ ወደ እጆቿ ሄደ። ወጌሻ አሽቷታል፣ ጸበል ገብታለች፣ ሦስት ሆስፒታል ተመላልሰናል። ኤምአርአይ ተነሥታ "ዲስክሽ ትንሽ ተንሸራቷል፣ ለዕድሜሽ ግን የተለመደ ነው" አሏት። መጨረሻ ያያት ሐኪም "ምንም የለብሽም፣ ነርቭ ነው፣ አትጨነቂ" ብሎ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን አዘዘላት። በስልኬ ፈልጌ ሳነብ የድብርት መድኃኒት ነው ይላል። ስነግራት "እብድ ነሽ ነው ያለኝ" ብላ ሽንት ቤት ጨመረችው።

ሕመሙን እንኳ ለምደነው ነበር። ያቃተን ጠባይዋ ነው። ቀኑን ሙሉ ትነጫነጫለች። ሠራተኛ አይበረክትልንም፤ ባለፈው ዓመት ብቻ አራት ሄዱ። ከማኅበሯ ወጣች፣ ለቅሶ መድረስ ተወች። ጎረቤት ቡና ይጠሯታል፣ አትሄድም፤ ማታ ደግሞ "ማን ያስታውሰኛል" ብላ ታለቅሳለች። ሌሊት አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ታድራለች። ሰሞኑን "ፈጣሪ በሰበሰበኝ" ማለት አብዝታለች። ታላቅ ወንድሜ "ድሮም ነገር ታከብዳለች፣ ጠባይዋ ነው" ይላል። እህቴ "ደብሯት ነው ሰውነቷን የሚያማት" ትላለች። ጠባይዋ ነው ያሳመማት፣ ወይስ ሕመሙ ነው ጠባይዋን የለወጠው? መድኃኒቱንስ ትውሰድ?

ልጇ ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ

ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። "ፈጣሪ በሰበሰበኝ" በእኛ አገር ጉልበቷን የሚያማት እናት ሁሉ ከመቀመጫዋ ስትነሣ የምትለው ቃል ነው። ብዙ ጊዜ እንደ "እፎይ" ነው፤ ብላው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አንዳንዴ ግን ቃሉ ያው ሆኖ ውስጡ ሌላ ነው፤ መለየት የሚቻለው በመጠየቅ ብቻ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ፣ እግሯን እያሸሽላት ወይም ፀጉሯን እየሠራሽላት፣ "እማዬ፣ እንደዚህ ስትይ ራስሽን ስለ ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?" በያት። ቃሉ አልወጣ ቢልሽም አውጪው። መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያስገባባትም። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ ትከሻው ነው ዝቅ የሚለው፣ የተሸከመውን እንዳወረደ። "አዎ" ካለችሽ፣ በተለይ እንዴት እንደምታደርገው ካሰበች፣ ለነገ አታሳድሪ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ብቻዋን አትተያት፤ ቤት ውስጥ ያለውን ክኒን ሁሉ አንቺ ያዢው። "የለም፣ ደክሞኝ ነው" ካለች ደግሞ ሌላውን እንነጋገር።

ወንድምሽ "ጠባይዋ ነው" አለ፣ እህትሽ "ደብሯት ነው" አለች፣ ሐኪሙ "ነርቭ ነው" አለ። እናትሽ ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ "ወገቤን አመመኝ" ነው የምትለው። የእሷን መልስ ማንም እንደ መልስ አልቆጠረላትም።

እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሰው እንዴት ቁጣውን እንደሚገዛ የማስተምር ሴት ነኝ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ላይ ታማሚ ሳነሣ ወገቤ ቀጭ አለ። ሕመሙ ከወገቤ ተነሥቶ በቀኝ እግሬ እስከ ትንሿ ጣቴ ይወርዳል፤ አሥራ አራት ወር ከረመብኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ የነበረው ልጄ አድጎ የነገረኝን ልንገርሽ። ማታ ስገባ ጫማዬን የማወልቅበትን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ጎንበስ ብዬ አውልቄ ካስቀመጥኩት፣ ደህና ውላለች ማለት ነው፣ ሮጦ ይመጣል። በሌላው እግሬ ገፍቼ አውልቄ በሩ ሥር ከወረወርኩት ደብተሩን ይዞ ጓዳ ይገባል። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የተለወጥኩ አይመስለኝም ነበር። ልጁ ያስቸገረኝ፣ ባለቤቴ የማይሰማኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ሰነፍ የሆኑብኝ ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ እግሬ ቀስ በቀስ ተወኝ፤ ጠባዬም ተመለሰ። ንስሐ ገብቼ አይደለም፣ እግሬ ስለ ተወኝ ነው።

የወንድምሽ ሐሳብ ሐኪሞችም ዘንድ ብዙ ዘመን የኖረ ነው። በፈረንጆቹ 1959 ጆርጅ ኤንግል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ አንዳንድ ሰው ከአስተዳደጉና ውስጡ ካለው የጥፋተኝነት ስሜት የተነሣ ሕመም ይቀናዋል ብሎ ጻፈ። ከዚያም በፊት፣ በ1943፣ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ረጅም የጠባይ መመዘኛ መጠይቅ ነበር። ሕመም የጸናባቸው ሰዎች ሲሞሉት በድብርትና ስለ ጤና አብዝቶ በመጨነቅ በኩል ነጥባቸው ከፍ ይላል፤ "ይኸው፣ ጠባያቸው ነው" ተባለ። ጥያቄዎቹን ልብ ብሎ ለሚያይ ግን ብዙዎቹ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ሰውነት ሕመም የሚጠይቁ ናቸው። ወገቡ የሚቆረጥመው ሰው ስለ ወገቡ ሲጠየቅ ምን ይበል?

በፈረንጆቹ 1997 አውስትራሊያ የተሠራ አንድ ጥናት እኔን ከሁሉ ይበልጥ አሳምኖኛል። በመኪና አደጋ አንገታቸው ተጎድቶ ሕመሙ አልለቅ ያላቸውን 17 ሰዎች ወሰዱ። ጭንቀታቸውንና ድብርታቸውን አስቀድመው ለኩ። ከዚያ ለግማሾቹ ሕመሙን የምታስተላልፈውን ትንሽ ነርቭ በሙቀት ዘጉላቸው፤ ለሌሎቹ መርፌው ገባ እንጂ ሙቀቱ አልተለቀቀም። ማን የትኛውን እንዳገኘ ታካሚውም መርማሪውም አያውቅም። ከሦስት ወር በኋላ ሲያዩ፣ ሕመሙ የተወው ሰው ጭንቀቱም ትቶታል። ሕመሙ ያልተወው ደግሞ ጭንቀቱ እንዳለ ነው። አንድም የምክር አገልግሎት አልተሰጣቸውም። 17 ሰው ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን በየቀኑ የማየው ያንኑ ነው።

ወንድምሽን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልለውም። በተፈጥሮው ነገር የሚያከብድ፣ የሚሠጋ ሰው ሕመም ሲይዘው ቶሎ አይለቀውም፤ ትንሿን ውጋት "አለቀልኝ" ብሎ ይተረጉማታል፣ ፍርሃቱ ጡንቻውን ያስረዋል፣ የታሰረ ጡንቻ ደግሞ ያማል። እህትሽም አልተሳሳተችም። ድብርት ቀድሞ ሕመም የሚከተልበት አለ፣ የተገላቢጦሹም አለ። ነገር ግን ሽንኩርት ከታፊዎችን የምታስቅ ሴት "ድሮም እንዲህ ነበረች" ከተባለች፣ ወንድምሽ የረሳው ነገር አለ።

"ምንም የለብሽም" የሚለው ግን ያናድደኛል። የዓለም የሕመም ጥናት ማኅበር ሕመምን ሲተረጉም፣ በፈረንጆቹ 1979ም ሆነ በ2020 ባሻሻለው፣ ሕመም በሰውነትም በስሜትም የሚሰማ ነገር ነው ይላል፤ አንዱን ከሌላው አይነጥልም። ከሦስት ወር ያለፈ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥም ራሱን ችሎ በሽታ ሆኖ ተመዝግቧል። ኤምአርአዩም ቢሆን ብዙ አይነግረንም። ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸው 3,110 ሰዎች ምስል ተሰብስቦ ሲታይ፣ የዲስክ መበላሸት በ20 ዓመት ወጣቶች ላይ እንኳ በ37 በመቶው ተገኝቷል፤ በ50 ዓመት ሰዎች በ80 በመቶው። ስለዚህ የእናትሽ ዲስክ መንሸራተቱ ብቻውን ሕመሟን አያስረዳም፤ ትንሽ መሆኑም ሕመሟን ሐሰት አያደርገውም።

አሁን ወደ ክኒኑ። አሚትሪፕቲሊን የእብድ መድኃኒት አይደለም። ድሮ ለድብርት ነው የወጣው፣ እውነት ነው። በኋላ ግን ሐኪሞች በትንሽ መጠን ሲሰጡት ድብርት የሌለበትንም ሰው ሕመም እንደሚያስታግስ አዩ። አእምሯችን በጀርባ አጥንታችን ውስጥ አልፎ ለሚመጣው ሕመም ፍሬን አለው፤ ያ ፍሬን የሚሠራው ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን በሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ስሜታችንን የሚይዙትም እነዚሁ ናቸው። ሕመም ሲከርም ፍሬኑ ይላላል፣ ሰውየውም ይደበራል፤ ክኒኑ ፍሬኑን ያጠብቃል። ለሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ማታ ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ነው። ለድብርት ግን ከ75 እስከ 150 ይደርሳል። ለእናትሽ የታዘዘላት ስንት እንደሆነ ካርዷ ላይ እዪ። 25 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪሙ ያሰበው ሕመሟንና እንቅልፏን ሳይሆን አይቀርም፤ እብድ አላላትም። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረድቷት ቢሆን ክኒኑ ሽንት ቤት አይገባም ነበር።

ልትወስድ ከተስማማች፦ ከመተኛቷ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብላ ትዋጠው፣ አለዚያ ጠዋት ትደነዝዛለች። አፏ ይደርቃል፣ ሆድ ድርቀት ይመጣል፤ ውኃና ተልባ ይረዳል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሠራ ሊቆይ ይችላል፣ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው። የልብ ሕመም ወይም የዓይን ግፊት ካለባት ሳትወስድ ለሐኪም ትናገር። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የምትወስድም ከሆነች ትናገር። ሲበዛ ልብን የሚያቆም መድኃኒት ስለሆነ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ያልኩሽን አስታውሺ።

በዚህ መጠን ግን ድብርት ካለባት ድብርቷ አይታከምም። ድብርቷ "ሕመሙ ሲተዋት ይተዋታል" ተብሎ አይጠበቅም፣ ለብቻው ይታከማል። ስድስት ዓመት የከረመ ሕመም እንደ አውስትራሊያዎቹ ነርቭ በአንድ ቀን አይዘጋምና። እኛ ጋ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ በአማርኛ እዚሁ አገር ተፈትኗል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ድምሩ እስከ 27 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንጠረጥራለን። ሕመም ያለበትን ሰው ስጠይቅ ግን እጠነቀቃለሁ። እንቅልፍ ማጣቱን፣ ድካሙን፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱን፣ ሐሳብ መበተኑን ሕመሙ ብቻውን ሊያመጣው ይችላል። እኔ ይበልጥ የማየው ሌላ ነው፦ የምትወደው የልጅ ልጇ ሲመጣ ፊቷ ይፈካል? ያመማት ብቻ ከሆነች ተጋድማም ትስቃለች። የተደበረች ግን ሕመሙ ጋብ ባለበት ሰዓት እንኳ አትስቅም፤ "ሸክም ሆንኩባችሁ፣ ምን እረባለሁ" ትላለች። "ማን ያስታውሰኛል" ያለችሽ ለዚህ ይቀርባል። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይያት። ይህ ማለት የግድ አዲስ አበባ አማኑኤል ማለት አይደለም፤ በብዙ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም የአእምሮ ሕክምና ነርሶች አሉ።

ጎረቤት ቡና ሲጠራት ለምን እንደማትሄድ አልጻፍሽልኝም። ልገምት? በርጩማው ነው። የቡና በርጩማ ከመሬት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይርቅም። ጉልበቷ የታመመ ሴት ትቀመጥበታለች እንጂ አትነሣበትም። ለመነሣት የሰው እጅ ትፈልጋለች፤ እሷ፣ ጎላ ድስት ለብቻዋ ታወርድ የነበረችው፣ በጎረቤት ልጅ እጅ ተጎትታ ልትነሣ ነው። ከዚያ ቤት መቅረት ይሻላታል። ሁለት ሦስቴ ትቀራለች፣ ጎረቤትም "ኮራች" ይልና መጥራቱን ይተዋል። አንዲት የማክማት እናት ሁለት ዓመት ቡና ሳትጠጣ የከረመችው ለዚህ ነበር፤ አምስት ጊዜ ከተገናኘን በኋላ ነው የነገረችኝ። አንቺ ጠይቂያት። ከሆነ፣ ቀድመሽ ክንድ ያለው ከፍ ያለ ወንበር አድርሺላት። ቤትም ቡናው ሲፈላ ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ቄጠማው እንዳለ መሬት ይቅር፤ ማንም አይቀየምም።

ስለ አራቱ ሠራተኞችም እንዲሁ ይመስለኛል። ዕድሜ ልኳን ሌሎችን ስታዝ የኖረች ባለሙያ፣ አሁን ሌላ እጅ ድስቷን ሲያማስል ቆማ ታያለች። ሽንኩርቱ ሳይበስል ዘይት ሲገባ ታያለች። እኔም ብሆን እጮሃለሁ። ቁጭ ብላ የምትሠራው፣ የራሷ የሆነ ነገር ስጧት፤ ቅመሙን የምትመጥነው፣ ጨውና በርበሬውን የምትቀምሰው እሷ ትሁን፣ ሠራተኛዋም ከመጀመሪያው ቀን ይህን ትወቅ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሕመሙ ጋብ ያለ ቀን ተነሥታ ምጣድ ጥዳ አርባ እንጀራ ትጋግራለች፤ በማግስቱ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ናት፣ "ይኸው፣ አበቃልኝ" ትላለች። ደህና ቀን ያጃጅላል። በደህናውም በክፉውም ቀን እኩል ትሥራ፤ ሃያ ደቂቃ ሠርታ፣ ባይደክማትም አሥር ደቂቃ ትረፍ።

አንድ የቀረኝ ነገር እጆቿ ናቸው። ጠዋት ስትነሣ ጣቶቿ እስኪፍታቱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከግማሽ ሰዓት በላይ ከሆነና የሁለቱም እጆቿ አንጓዎች ካበጡ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ይደረግላት። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስም ሕመምንም ድብርትንም አንድ ላይ ያመጣል፣ እሱም ይታይ። በስድስት ዓመት ውስጥ ማንም አላየውም ማለት አይደለም፤ ካርዶቿን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርገሽ ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ

ሲስተር፣ 44 ዓመቴ ነው፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፣ ከጂቡቲ ሞጆ እመላለሳለሁ። ወገቤን ሦስት ዓመት አሞኛል። ጠዋት አንድ ማታ አንድ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ እየዋጥኩ ነው የምነዳው። ሚስቴ "ድብርት ይዞሃል" ትለኛለች። እኔ አላዘንኩም፣ አላለቅስም። ብቻ ሁሉም ነገር ያናድደኛል፤ ቤት ስገባ ሰው ባያናግረኝ እመርጣለሁ። ይህ ድብርት ነው?

መልስ

ወንድሜ፣ ሊሆን ይችላል። ወንድ ሲደበር ብዙ ጊዜ አያለቅስም፤ ይቆጣል፣ ዝም ይላል፣ ጫትና መጠጥ ያበዛል። ባለቤትዎ ከእርስዎ በፊት አይታዋለች፤ ልጄም የጫማዬን ድምፅ ከእኔ በፊት ሰምቷል። ይመርመሩ። ከላይ የጻፍኩት ክኒን ከታዘዘልዎ ሾፌር መሆንዎን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጀመሪያ የሚውጡትም ለእረፍት ቤት የገቡ ቀን ይሁን፣ በማግስቱ መሪ አይያዙ። ለመንቃት ብለው ጫት የሚጨምሩ ከሆነ እሱንም አይደብቁት። የኋላ ኪስዎ ውስጥ ቦርሳ ካለ ያውጡት፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ዳሌ ነው የሚቀመጡት። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው መኪናውን አንዴ ይዙሩት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ዲክሎፌናኩ ነው። ሦስት ዓመት በየቀኑ የተዋጠ ዲክሎፌናክ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ በተለይ ውኃ ሳይጠጡ አፋር በረሃ ለሚነዱ። የኩላሊትና የደም ግፊት ምርመራ በዚህ ሳምንት ያድርጉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ካዩ ሞጆ እስኪደርሱ አይጠብቁ፤ መኪናውን አቁመው ቅርብ ያለው ሆስፒታል ይግቡ።